ጥርሱ ከተተከለ በኋላስ?

ቁርኣንን በተጅዊድ የቀራ ሰው የጥርስን ዋጋ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሣእ፣ ዛልና ዟእ የሚባሉት ሦስት ሐርፎች የምላስ ጫፍ የላይኞቹን የፊት ጥርሶች ጫፍ ካላገኘ ከመኽረጃቸው አይወጡም። ፋእም የታችኛው ከንፈር ሆድ ከነዚያው ጥርሶች ጫፍ ጋር ሲገናኝ የምትወጣ ሐርፍ ናት። በየመስጊዱ ጥግና በየመድረሳው ዕድሜያቸውን ሙሉ ልጆች ሲያስቀሩ የኖሩ ሸኾቻችን ጥርሳቸው ሲያልቅ፣ ከቆሎውና ከጥብሱ ይልቅ የሚያንገበግባቸው ሣእ ሲን ሆናባቸው መቅረቷ ነው። ደረሳው ከአፋቸው የሰማውን ይዞ ይሄዳልና።

ስለዚህም በጅዳ፣ በሪያድ፣ በዱባይና በአሜሪካ የሚኖሩ ልጆች ገንዘብ አጠራቅመው ለወላጆቻቸው ጥርስ ማስተከል ሲጀምሩ ደስ የማይለው ሰው የለም። ለወላጅ በእርጅናው ዘመን በጎ መዋል በሱረቱል ኢስራእ 23ኛው አያ አላህን (ሱ.ወ) ብቻ ከመገዛት ትእዛዝ ጋር ተያይዞ የመጣ ታላቅ ግዴታ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ተከላው ዕለት ብዙ ሲወራ፣ ከ3፣ ከ5 ወይም ከ10 ዓመት በኋላ ስለሚመጣው የሚናገር ጥቂት ነው። ቤተሰቡም ገንዘቡ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ነገሩ ያበቃ ይመስለዋል። አላበቃም። በዚህ ጽሑፍ ልናነሳ የፈለግነው ይህንኑ ነው።

አስቀድመን ስሙን እናጥራ። «የተተከለ ጥርስ» ሲባል ሁለት ዓይነት ነገር ይደባለቃል። አንደኛው ሐኪም ካልሆነ በቀር ማንም የማያወልቀው፣ ቋሚ ሆኖ የሚታሰረው ነው። ሁለተኛውና እኛ የምናወራለት ግን ባለቤቱ በእጁ እያወለቀ የሚያጥበው ሙሉ የጥርስ ስብስብ ነው። ተራው ሰው ሠራሽ ጥርስ በድድ ላይ ተቀምጦ በምራቅና በጡንቻ ብቻ ሲያዝ፣ ይኸኛው በመንጋጋ አጥንት ውስጥ በተቀበሩ 2 ወይም 4 የታይታኒየም ብሎኖች ላይ ይገጥማል። ብሎኑ ኢምፕላንት ይባላል። ከድድ በላይ ብቅ የሚለው አናቱ እንደ ትንሽ ኳስ ወይም እንደ አጭር ቁልፍ ሆኖ ይሠራል። በጥርሱ ሆድ ውስጥ ደግሞ ያንን አናት የሚጨብጥ የናይለን ወይም የጎማ ቀለበት አለ። በልጆች ጃኬት ላይ ተጭኖ ጠቅ ብሎ የሚዘጋውን ቁልፍ ማሰብ ይበቃል። አንዳንዱ ደግሞ ኢምፕላንቶቹን የሚያያይዝ የብረት ዘንግ ኖሮት ጥርሱ ዘንጉን ነክሶ ይቀመጣል።

ነገሩ የጀመረው በስዊድን ነው። ፐር-ኢንግቫር ብሮነማርክ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ በ1952 በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ የደም ዝውውር ለማጥናት ያስገባው የታይታኒየም መሣሪያ፣ ሥራው አልቆ ሊያወጣው ሲል አልወጣ አለው። አጥንቱ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ነበር። በ1965 ይኸው ነገር በሰው መንጋጋ ላይ ተሞከረ፤ የመጀመሪያው ታካሚም ኢምፕላንቶቹን ከ40 ዓመት በላይ ይዟቸው ኖሯል። በ2002 ካናዳ ውስጥ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች፣ የታችኛው መንጋጋ ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ላለቀበት ሰው በ2 ኢምፕላንት የሚያዝ የሚወልቅ ጥርስ የመጀመሪያው ምርጫ ሊሆን ይገባል ብለው ተስማሙ። በ2009 በእንግሊዝ አገር በዮርክ የወጣ ስምምነትም ይህንኑ አጸና።

የታችኛው መንጋጋ ለብቻው የተነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥርስ ሲወልቅ ይዞት የነበረው አጥንት ሥራ ያጣና እየሟሸሸ ይሄዳል። አንቲየ ታልግሬን የተባለች ተመራማሪ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያደረጉ ሰዎችን እስከ 25 ዓመት ድረስ ተከታትላ በ1972 ባሳተመችው ጥናት፣ የታችኛው መንጋጋ የፊት ክፍል ከላይኛው 4 እጥፍ ያህል እንደሚያልቅ አሳይታለች። በዚያ ላይ የላይኛው ሰው ሠራሽ ጥርስ ላንቃን ሸፍኖ ይጣበቃል፤ የታችኛው ግን ምላስ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ብድግ ይላል።

እንግዲህ ከዓመታት በኋላ ምን ይበላሻል? ሰው ሁሉ የሚፈራው ብሎኑ ተነቅሎ እንዳይወጣ ነው። እሱ ግን ከሁሉም ጠንካራው ነው። በታችኛው መንጋጋ ከተተከሉ 100 ኢምፕላንቶች ከ90 በላይ የሚሆኑት ከ10 ዓመት በኋላም በቦታቸው እንደሚገኙ በርካታ ጥናቶች ያሳያሉ። የላይኛው መንጋጋ አጥንት የሳሳ ስለሆነ እዚያ የሚተከሉት በብዛት ይወድቃሉ፤ ለዚህም ነው ሐኪሞች ለላይኛው ቢያንስ 4 የሚሉት። ታካሚውን በየጊዜው ወደ ክሊኒክ የሚመልሰው ግን ከዕቃዎቹ ሁሉ ርካሿ፣ ያቺ ትንሿ ናይለን ናት። ጥርሱ በወለቀና በገባ ቁጥር ትፋቃለች። «ጠቅ» የሚለው ድምፅ እየደከመ ይሄድና አንድ ቀን ጥርሱ በንግግር መሐል ይነሳል። ይህ የሐኪም ስህተት አይደለም። የመኪና ፍሬን ሸራ እንደሚያልቀው ያለ ነገር ነው። አንዱ በዓመቱ፣ ሌላው በ2 ዓመቱ ያስቀይራታል፤ ቅየራውም በወንበር ላይ ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ነው። ናይለኗ እንደ ጥንካሬዋ በተለያየ ቀለም ስለምትሠራ፣ ጣቶቹ ለደከሙ አዛውንት ላላ ያለችውን መምረጥም ይቻላል።

ችግሩ ዕቃው ሲታጣ ነው። በቅርብ የምናውቃቸው አንድ የቁርኣን መምህር በአንድ የባሕረ ሰላጤ ከተማ ከሚኖር ልጃቸው ዘንድ ሄደው ከላይ ተራ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ከታች በ2 ኢምፕላንት የሚያዝ ጥርስ አሠርተው መጡ። 2 ዓመት ሙሉ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። በሦስተኛው ዓመት የታችኛው መላላት ጀመረ። አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ክሊኒክ ዞሩ። ሐኪሞቹ ነገሩን ወዲያው ዐወቁት፤ ዳሩ ግን ኢምፕላንቱ የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት ሸኹ እጅ ስላልነበረ የሚስማማውን ናይለን ሊያገኙላቸው አልቻሉም። የአንዱ ፋብሪካ ዕቃ ለሌላው አይገጥምምና። ልጅየው ወደ አስተካዮቹ ተመልሶ ስሙንና ቁጥሩን አስጽፎ ዕቃውን በመንገደኛ እስኪልክ 5 ወር አለፈ። በእነዚያ ወራት ሸኹ ልጆችን የሚያስቀሩት አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ነበር።

ስለዚህ ወላጁን ውጭ አገር ወስዶ የሚያሳክም ልጅ ከአውሮፕላን ትኬቱ እኩል ሊያስብበት የሚገባ አንድ ወረቀት አለ። የኢምፕላንቱ ፋብሪካና ዓይነት፣ ውፍረቱና ርዝመቱ፣ የአናቱ ዓይነት፣ የተተከለበት ቀን ይጻፍበት። በስልክ ፎቶ ተነስቶ ለቤተሰቡ ሁሉ ይላክ። ትርፍ ናይለንም ቢሆን ገዝቶ መምጣት ከባድ አይደለም። ደግሞም ላላ ብሎ በፒንሳ ለማጥበቅ፣ ተሰነጠቀ ብሎ በሱፐር ግሉ ለማጣበቅ የሚሞክር አለ። በሱፐር ግሉ የተጣበቀ ጥርስ ተጣሞ ይቀርና ሐኪሙም ሊጠግነው ይቸገራል። ብሎኑን ከአናቱ ጋር የሚያስረው ውስጠኛ ብሎን የሚላላበት ጊዜም አለ። ጥርሱ ሲወልቅ አናቱ አብሮ የሚነቃነቅ ከሆነ ሳይውል ሳያድር መታየት ያለበት ነገር ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ለሙስሊሞች አንድ የተለየ ስሌት አለ። ጥርሱን ለዉዱእ እያወለቀ የሚጉመጠመጥ ሰው በቀን 5 ጊዜ ቢያወልቅ በዓመት 1,825 ጊዜ ይሆናል። ጠዋትና ማታ ብቻ የሚያወልቀው ግን 730 ጊዜ ነው። ናይለኗን የሚያደክማት ይኸው መውለቅና መግባት ስለሆነ፣ ጥያቄው «ማውለቅ ግዴታ ነውን?» ወደሚለው የፊቅህ ጉዳይ ይወስደናል። በሻፊዒና በማሊኪ መዝሀብ መጉመጥመጥ በዉዱእም በጉስልም ሱና ነው። በሐነፊ መዝሀብ በዉዱእ ሱና፣ በጉስል ግን ፈርድ ነው። በሐንበሊ በሁለቱም ዋጂብ ነው። በ2001 ወደ አኺራ የሄዱት ሸኽ ሙሐመድ ኢብን ሷሊሕ አል-ዑሠይሚን ሰው ሠራሽ ጥርስን ከቀለበት ጋር አመሳስለው፣ ለዉዱእ ማውለቅ ግዴታ እንዳልሆነ ገልጸዋል። በጉስል ላይ ግን ከሐነፊ ዑለማዎች ውኃው ድድ እንዲደርስ የሚወልቀው ጥርስ መውለቅ አለበት የሚሉ አሉና፣ የዚያ መዝሀብ ተከታይ ሸኹን ይጠይቅ። ወላሁ አዕለም። እንግዲህ በዉዱእ ላይ ራሳቸውን ያስቸገሩ አባቶችና እናቶች ካሉን ይህን ማስረዳት ዲናቸውንም ጥርሳቸውንም መርዳት ነው።

በመስጊድ የዉዱእ ቦታ ማውለቅ ሌላም አደጋ አለው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ እጁም በውኃ ረጥቧል። በውስጡ ናይለኑን የያዘው የጥርሱ ክፍል ደግሞ ለቀለበቱ ቦታ ሲባል የሳሳ በመሆኑ፣ ሲወድቅ የሚሰነጠቀው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ ነው። ሳይወድቅም በማኘክ ብዛት ከዓመታት በኋላ በዚያው መስመር የሚሰበር አለ። ሐኪሙ ሲያሠራው በውስጡ ቀጭን የብረት መረብ ካስገባበት የበለጠ ይበረክታል። በቤት ውስጥ ሲታጠብ ከሥር ውኃ የያዘ ሳፋ ወይም ፎጣ ማድረግ ይገባል። በሶፍት ጠቅልሎ ኪስ ውስጥ መክተትም አይመከርም፤ ሶፍቱ ሲጣል ጥርሱ አብሮ የተጣለበት ቤት ጥቂት አይደለም።

ከመያዣዎቹ መካከል ከወርቅ ቅይጥ የሚሠሩም አሉ። ወርቅ ለወንድ ሐራም ነውና እንዴት ይሆናል ብለው የሚጨነቁ ሰዎች ይኖራሉ። ዐርፈጃ ኢብን አስዐድ (ረ.ዐ) በጃሂሊያ ዘመን በኩላብ ጦርነት አፍንጫው ተቆርጦ የብር አፍንጫ አድርጎ ነበር። ብሩ ቢሸትበት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የወርቅ እንዲያደርግ እንዳዘዙት አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ነሳኢ ዘግበዋል። ዑለማዎችም ከዚህ ተነስተው ለሕክምና ሲያስፈልግ ወርቅን ለጥርስ መጠቀምን ፈቅደዋል። ለጌጥ ሲባል የሚደረገው ግን ሌላ ነገር ነው።

ወደ አጥንቱ እንመለስ። ኢምፕላንቶቹ ከፊት ለፊት ስለሚተከሉ በዙሪያቸው ያለው አጥንት በመጠኑ ይጠበቃል፤ ከኋላ በኩል ያለው ግን መሟሸሹን ይቀጥላል። ጥርሱ ያው ሆኖ ከሥሩ ያለው መሬት ይወርዳል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጥርሱ በሁለቱ ብሎኖች ላይ እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ ይላል። ጤፍና ሰሊጥ ከሥሩ ይገባል፤ ድድ ይላጣል፤ ናይለኗም ከወትሮው ፈጥና ታልቃለች። ሰውየው ናይለኗን በየሦስት ወሩ የሚያስቀይር ከሆነ ችግሩ የናይለን ሳይሆን የድድ ልክ መጥፋት ነው፤ ሐኪሙ የጥርሱን ሆድ በአዲስ ፕላስቲክ ሞልቶ ከድዱ ጋር ያስማማዋል። ጥርሶቹ ራሳቸውም ይፋቃሉ። ስለዚህ ከዓመታት በኋላ ኢምፕላንቱ ሳይነካ የላዩ ስብስብ በሙሉ እንደ አዲስ የሚሠራበት ጊዜ ይመጣል። ይህንን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቤተሰብ ወጪ ውስጥ ማሰብ ይገባል።

የላይኛውም ጥርስ ጣጣ አለበት። የታችኛው በኢምፕላንት ሲጸና ሰውየው በፊት ጥርሱ አጥብቆ መንከስ ይጀምራል። በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ ይህ ጫና ከፊት ያለውን የላይኛውን አጥንት ስለሚያሟሽሸው የላይኛው ሰው ሠራሽ ጥርስ ይላላና ወደ ላይ ይሸሻል። መጀመሪያ ያነሳናቸው ሣእና ፋእ የሚጠብቁት ደግሞ ያንኑ የላይኛውን ጥርስ ነው። በመሆኑም አንድ ቃሪእ ጥርሱን ካሠራ ከዓመታት በኋላ ሐርፎቹ እንደገና ሲበላሹበት፣ ኢምፕላንት ያለበትን የታችኛውን ብቻ ሳይሆን የላይኛውን ማስመርመር አለበት።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበን ግን ድምፅ የሌለው በሽታ ነው። የተፈጥሮ ጥርስ ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዙት ቀጫጭን ጅማቶች አሉት፤ ኢምፕላንት ግን የለውም። በአንገቱ ዙሪያ ቆሻሻ ሲጠራቀም መጀመሪያ ድዱ ይቀላል፣ ሲነኩትም ይደማል። በዚህ ደረጃ ላይ በሚገባ ከጸዳ ይድናል። ችላ ከተባለ ግን ቁስለቱ ወደ አጥንቱ ይወርዳል፤ አጥንቱም በዙሪያው እየተበላ ኢምፕላንቱን ያጋልጠዋል። የጠፋው አጥንት በቀላሉ አይመለስም። ብዙ ጊዜ ሕመም ስለሌለው ታካሚው የሚያውቀው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። በ2017 የአሜሪካና የአውሮፓ የድድ ሐኪሞች በጋራ ባዘጋጁት ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሦስት ነገሮች አደጋውን እንደሚያባብሱ ተገልጿል። ቀድሞ ከባድ የድድ በሽታ የነበረበት መሆን፣ አፍን በደንብ አለማጽዳትና ለክትትል ወደ ሐኪም አለመመለስ ናቸው። ብዙ ሐኪሞች ሲጋራንና ያልተቆጣጠሩትን ስኳር በሽታም ይጨምሩበታል። ለሰዓታት አንድ ጉንጭ ውስጥ ተወጥሮ የሚቆየው ጫትስ? ጥርሳቸው አልቆ ጫቱን በሙቀጫ እያስወቀጡ ይቅሙ የነበሩ ሰዎች አዲሱን ጥርስ ሲያገኙ መጀመሪያ የሚፈትኑት በእርሱ መሆኑ ያሳዝነናል።

አጥንቱ የተበላበትን ቦታ ለመሙላት ሐኪሞች የአጥንት ዱቄትና ስስ ሽፋን ይጠቀማሉ። ከእነዚህ መካከል ከበሬ የሚሠራ አለ፤ ከአሳማ የሚሠራ አለ፤ በፋብሪካ የሚሠራም አለ። ምንጩን አስቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም። ሐኪሙም አማራጭ ካለው አይከፋውም።

ጽዳቱን በተመለከተ ብዙ ሰው ጥርሱን ያጥባል፤ በአፉ ውስጥ የቀሩትን የብሎን አናቶች ግን ይረሳል። ለእነርሱ ለስላሳ ብሩሽ ያስፈልጋል፤ አንገታቸው ዙሪያውን ይዞራል። ሚስዋክን የለመዱ አባቶቻችን ሱናውን እንደያዙ ይቀጥሉ፤ ሆኖም የእንጨቱ ጫፍ ብቻውን ከአናቱ ሥር ያለውን ስለማያገኘው ብሩሹን ይጨምሩበት። ጥርሱ ራሱ በለስላሳ ብሩሽና በፈሳሽ ሳሙና ይታጠባል። የጥርስ ሳሙና አክሪሊኩን ይፍቀዋል። የፈላ ውኃ ያጣምመዋል። በረኪና ብረቱን ይበላዋል። በረመዳን ደግሞ ከሱሑር በኋላ ፈጅር ሳይገባ ጥርሱ ወልቆ ይታጠብ፤ ከሥሩ የተረፈ ምግብ ቀኑን ሙሉ ጾመኛውን ያስቸግራልና።

ማታ ይውለቅ። በጃፓን 85 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 524 አረጋውያንን በመከታተል በ2015 የወጣ ጥናት፣ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ሳያወልቁ የሚተኙት በሳምባ ምች የመያዝ ዕድላቸው ከሚያወልቁት በእጥፍ እንደሚበልጥ አመልክቷል። ከጥርሱ ሥር ሌሊቱን ሙሉ የሚራባው ፈንገስ ድዱን የሚያቀላውም በዚሁ ምክንያት ነው። የወለቀው ጥርስ ሲደርቅ ቅርጹ ስለሚበላሽ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ይቀመጥ።

የቀረው እርጅናው ነው። በ65 ዓመታቸው ያስተከሉ እናት ኢንሻ አላህ 80 ይደርሳሉ። ያኔ ዓይን ይደክማል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴም መርሳት ይመጣል። መጀመሪያ የተወደደው የ«ጠቅ» ጥንካሬ ያኔ ጠላት ይሆናል፤ ማውለቅ ያቅታቸውና ጥርሱ ለሳምንታት ሳይታጠብ አፍ ውስጥ ይከርማል። ልጅ ወይም ምራት ማውለቁን ገና እናት ራሳቸው ማስተማር በሚችሉበት ጊዜ መማር አለባቸው። ሁለቱን አውራ ጣቶች ከጥርሱ ጠርዝ ሥር በግራና በቀኝ አግብቶ እኩል ወደ ላይ መግፋት ነው። በአንድ ወገን ብቻ ከተሳበ ናይለኗም አናቱም ይጎዳል። ይህም የማይቻልበት ደረጃ ላይ ከተደረሰ ሐኪሙ መያዣውን ወደ ላላው ይቀይረዋል። እሱም ካልሆነ ከድድ በላይ ያሉትን አናቶች ፈትቶ በምትካቸው ዝቅ ያለ ለስላሳ ክዳን ያደርጋል፤ አለበለዚያ ጥርሱ በማይደረግበት ጊዜ አናቶቹ ከንፈርንና ተቃራኒውን ድድ ያቆስላሉ። ብሎኖቹ በአጥንቱ ውስጥ እንደተቀበሩ ይቀራሉ፤ እናትም ተራውን ሰው ሠራሽ ጥርስ አድርገው፣ ወይም ያለ ጥርስ አጥሚታቸውንና ፍርፍራቸውን እየበሉ ይቀጥላሉ።